አንድ ቁና ለሁሉም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፣ በብርብር ከተማ፣ አንድ የሥነ ዜጋ መምህር ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረጉት ንግግር)

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር ባንድነት በተሰበሰብንበት በዚህ ሰዓት ንግግር እንዳደርግ በመጋበዜ የተሰማኝ ደስታ ከፍ ያለ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን የሚናገር ሰው ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች የወደፊት ተስፋ እንዲናገር ይጠበቅበታል። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ደረቅ የሚመስል ነው። ይኸውም በአንድ አገር ውስጥ በልዩ ልዩ ስፍራ የሚኖሩ ሰዎች ድምፃቸውን የሚሰጡበት ሥርዓት ስለ ምን አንድ ዓይነት መሆን እንደሚገባው ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ፤ እርሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ዓመት የተማሪዎች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሲመረጥ ምርጫውን እንድመራ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። የፈተና ጊዜ ደርሶ ስለ ነበር፣ «እያንዳንዱ ክፍል እንደ ልማዱ ይምረጥ፤ ውጤቱን ብቻ ጽፋችሁ አምጡልኝ» ብዬ አዘዝሁ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። አንዱ ክፍል እጅ በማውጣት መረጠ። ሁለተኛው ከዕጩዎቹ ኋላ በመሰለፍ መረጠ። ሦስተኛው በወረቀት ጽፎ በባርኔጣ ውስጥ አጠራቀመ። አራተኛው በጭብጨባ ወሰነ፤ የክፍሉ አለቃም ጭብጨባውን በግምት ወደ ቁጥር ለውጦ ጻፈው። ደግሞም የጧቱ ፈረቃ ውጤት አስቀድሞ ታውቆ ስለ ነበር፣ የከሰዓት በኋላው ፈረቃ ተማሪዎች ማን እንደሚመራ እያወቁ መረጡ። በመጨረሻ ይህ ሁሉ ተደምሮ አንዲት ተማሪ በ9 ድምፅ ተሸነፈች።

በማግሥቱ ያቺ ተማሪ ወደ መምህራን ክፍል መጣች። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። «መምህር፣ መሸነፌን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን በእውነት ተሸንፌ እንደ ሆነ ብቻ ይንገሩኝ» አለችኝ። ቀጥላም እጅ አውጡ በተባለበት ክፍል ያሉት ጓደኞቿ ትልልቆቹ ልጆች እንዳያዩዋቸው ፈርተው እጃቸውን ሳያነሡ መቅረታቸውን ነገረችኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። እጅንና ሰልፍን፣ ወረቀትንና ጭብጨባን ባንድነት ደምሬ ያገኘሁት ቁጥር ምን እንደ ሆነ ራሴም አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅም። የተመረጠው ልጅ በጎ ልጅ ነው፤ ሥራውንም በትጋት ፈጽሟል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን በእርግጥ መመረጡን ሊያውቅ አይችልም። እንግዲህ የእኔ ቸልተኝነት የጐዳው የተሸነፈችውን ብቻ ሳይሆን ያሸነፈውንም ጭምር ነው። ዛሬ የምናገረው የዚያችን ልጅ ጥያቄ ለመመለስ ነው።

አባቶቻችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። ይህ ምሳሌ የሚያስተምረን ስለ ፍርድና ስለ ብድራት ነው፤ ነገር ግን ስለ ቁናው ራሱም የሚነግረን ነገር አለ። በቀድሞ ዘመን በአገራችን እህል በቁናና በዳውላ ሲሰፈር የአንዱ አገር ዳውላ ከሌላው አገር ዳውላ ጋር አይተካከልም ነበር። ስሙ አንድ ሲሆን ልኩ ልዩ ልዩ ነበር። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ «አንድ ዳውላ» ሲባል የሚያስበውና የገበያው ሰው የሚያስበው ስለማይገናኝ ክርክር ይነሣ ነበር። የምዕራብ ዓባያ ገበሬዎች የሆናችሁ ወላጆች ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ሙዛችሁን ቆርጣችሁ በመኪና ስታስጭኑ የብርብር ኪሎና የዋጂፎ ኪሎ የተለያየ ቢሆን ዝም ብላችሁ ትመለከታላችሁን? አትመለከቱም። ስለ ዋጋው ልትከራከሩ ትችላላችሁ፤ ስለ ሚዛኑ ግን ክርክር እንዲኖር አትፈልጉም። ድምፅም እንዲሁ ነው። ማን ይመረጥ በሚለው ነገር ሰዎች መከራከራቸው የተገባ ነው፤ ድምፁ በምን ይሰፈር በሚለው ነገር ግን አስቀድመው መስማማት አለባቸው።

አሁን ደግሞ ይህ ነገር በአገራችን ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደ መጣ በአጭሩ እንመልከት።

በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሲታወጅ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። ነገር ግን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲሆኑ ተወሰነ። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ሲወጣ ግን ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እንደራሴውን እንዲመርጥ ተፈቀደ። አገሩም 200,000 ያህል ሕዝብ በያዙ የምርጫ ወረዳዎች እንዲከፈልና እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት እንደራሴ እንዲልክ ተደነገገ። ይህ ለዚያ ዘመን ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ምክንያቱም በመላው አገር አንድ ዓይነት ቁና ለመጀመሪያ ጊዜ መዘጋጀቱ ነው። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. በመስከረም ወር ተደረገ። በዚያም ምርጫ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው በአገራችን ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። መምህርት እንደ ነበሩ ሴት ተማሪዎቻችን በልባቸው ይያዙልኝ።

ይሁን እንጂ ያ ቁና ጐደሎ ነበረበት። ድምፅ ለመስጠት ሀብት አይጠየቅም ነበር፤ ለመመረጥ ግን በምርጫው ወረዳ ውስጥ ንብረት ያለው ሰው መሆን ያስፈልግ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ድምፅ መስጠቱም በአንድ ቀን የሚያልቅ ሳይሆን አንድ ወር ያህል የሚወስድ ነበር። መንገድ በሌለበት፣ ይህም የእኛ አገር ጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ይባል በነበረበት ዘመን፣ ከዚህ የተሻለ ማድረግ ቀላል አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ድምፅ በምሥጢር እንዲሰጥ ደነገገ፤ ምርጫውንም በመላው አገር ያለ አድልዎ የሚያካሂድ ከማንም ተጽዕኖ ነጻ የሆነ የምርጫ ቦርድ እንዲኖር አዘዘ። ነገር ግን ሕግ መጻፉ ብቻ አይበቃም። በ1997 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ ስለ ቆጠራው የተነሣው አለመተማመን ወደ ብጥብጥ አምርቶ የብዙ ወገኖቻችን ሕይወት ጠፋ። ይህን የማነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ሰፋሪና አሰፋሪ በቁናው ካልተማመኑ እህሉ ብቻ ሳይሆን ሰላሙም እንደሚፈስ ልብ እንድትሉት ነው።

ከዚያ ወዲህ በ2011 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 1162 ወጥቶ የመራጮች ምዝገባ፣ የድምፅ አሰጣጥና የቆጠራ ሥርዓት እንደ ገና ተደነገገ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫም ይኸው ዐዋጅ ተሠራበት። ሆኖም ሥርዓቱ በሁሉም ስፍራ እኩል አልደረሰም። በሲዳማ ክልል የድምፅ መስጫ ወረቀት በማጠሩ ድምፅ መስጠቱ በማግሥቱ ቀጠለ፤ በሶማሌና በሐረሪ፣ እንዲሁም በደቡብ አንዳንድ ስፍራዎች ምርጫው እስከ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተላለፈ፤ በትግራይ ምርጫ አልተደረገም። እንግዲህ በወረቀት ላይ አንድ የሆነው ሥርዓት በመሬት ላይ አንድ ይሆን ዘንድ ገና ብዙ ሥራ እንደሚቀር ከዚህ እንረዳለን።

ከመካከላችሁ አንዳንዶች፣ ይልቁንም ሽማግሌዎች፣ «እኛ ጋሞዎች ከሣጥኑና ከወረቀቱ በፊት የራሳችን ሥርዓት ነበረን፤ እርሱስ ምን ሊሆን ነው?» ብላችሁ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። ጥያቄው የተገባ ነው፤ ስለዚህ በቸልታ አላልፈውም።

በጋሞ ደጋ በየደሬው ዱቡሻ አለ። ሰዎች በዱቡሻው ተቀምጠው በምርቃት ይጀምራሉ፤ አንዱ ተነሥቶ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ በምርቃትም ይፈጽማሉ። ሃላቃውም የሚሾመው በዚሁ ሸንጎ ምክር ነው። በዱቡሻ እጅ አይቈጠርም፤ ነገሩ ሁሉም እስኪስማማበት ድረስ ይመከርበታል እንጂ ጥቂቶቹ በብዙዎቹ አይረቱም። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች በወገኖቻቸው ላይ ስለ ደረሰው ግድያ ተቆጥተው ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው እንዳስቆሟቸው መላው ኢትዮጵያ ያውቃል። ያን ቀን ያዳነን የዱቡሻ ትምህርት ነው።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። በዱቡሻው ሁሉም ሰው እኩል ይናገር ነበርን? አልነበረም። ሴቶች አይናገሩም ነበር። ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ወገኖቻችንም ድምፃቸው በሸንጎው አይቈጠርም ነበር። ደግሞም በዱቡሻ ሁሉ ነገር በሰው ፊት ነው፤ በአባቱ ወይም በባለ ዕዳው ፊት ተቃራኒ አሳብ ለመናገር ሁሉም ድፍረት የለውም። ለዕርቅና ለምክር የሰው ፊት መተያየት ጥቅም አለው፤ ለምርጫ ግን ያው ፊት ያስፈራል።

በዚህ ነገር ላይ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በጋሞ፣ በጎፋ፣ በወላይታ፣ በጌዴኦ፣ በኮንሶና በደቡብ ኦሞ ዞኖች፣ እንዲሁም በቡርጂ፣ በአማሮ፣ በደራሼ፣ በአሌና በባስኬቶ ልዩ ወረዳዎች ሕዝቡ በአንድ አዲስ ክልል ስለ መደራጀት ድምፅ በሰጠ ጊዜ፣ እኔ በአንድ የምርጫ ጣቢያ ሠራተኛ ነበርሁ። ጧት ገና ሰው ሳይገባ ሣጥኑ ባዶ መሆኑን ለተሰበሰቡት ሁሉ አሳየንና አሸግነው። ከተሰለፉት ሰዎች መካከል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ከፊታቸው የቆሙት በአገሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱም ስማቸው በመዝገቡ ተፈለገ፤ የሁለቱም ጣት በአንድ ቀለም ተነከረ፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ተሰጠ፤ ሁለቱም በየተራቸው ወደ መጋረጃው ገቡ። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን በወረቀቱ ላይ ከጽሑፉ ጋር ምልክት ስለ ነበረበት የሰው እርዳታ አላስፈለጋቸውም። ወረቀታቸውን አጥፈው ከሽማግሌው ወረቀት በላይ ጣሉት። ምን እንደ መረጡ እኔ አላውቅም፤ ጐረቤታቸውም አያውቅም። ትልቁ ነገር ይኸው ነው። የእማማ አያት በሸንጎ ያልተሰማ ድምፅ ነበራቸው፤ የእማማ ድምፅ ግን ከሽማግሌው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ሊለዩት በማይቻልበት ሁኔታ ተቈጠረ።

በዚያው ሕዝበ ውሳኔ የሆነ ሌላ ነገር ደግሞ ስለ ርእሳችን ያስተምረናል። ቦርዱ በጐረቤታችን በወላይታ ዞን የድምፅ አሰጣጡ ከሕጉ ውጭ የሆነ ነገር ስለ ታየበት ያ ድምፅ እንዳይጸና አደረገና፣ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ድምፅ እንደ ገና ተሰጠ። በዚያን ጊዜ «የእኛው በደንብ ካለቀ የእነርሱ ምን ቸገረን?» ያሉ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ጥያቄው የሁላችን አንድ ጥያቄ ነበር። በአንድ ጐተራ የሚገባ እህል ግማሹ በሙሉ ቁና፣ ግማሹ በጐደለ ቁና ከተሰፈረ፣ በሙሉ ቁና የሰፈረውም ሰው የጐተራውን ልክ ሊያውቅ አይችልም። አዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህ ችግር የድኻ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ2000 በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ የመላው አገር ዕጣ በፍሎሪዳ ግዛት ድምፅ ላይ ወደቀ። በዚያ ግዛት እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን የድምፅ መስጫ ወረቀት ያዘጋጅ ነበር። በአንዱ ወረዳ የዕጩዎቹ ስም በሁለት በኩል ተጽፎ የሚበሳው ቀዳዳ በመካከል ስለ ነበር፣ ብዙ ሰዎች ካሰቡት ሰው ሌላ እንደ መረጡ ተናገሩ። በአንዳንዱ ወረዳም ወረቀቱ በደንብ ሳይበሳ ጥራዡ ተንጠልጥሎ ቀረ። ይህ ይቈጠር ወይስ አይቈጠር ሲባል አንዱ ወረዳ አዎን፣ ሌላው ወረዳ አይደለም አለ። 6 ሚሊዮን ያህል ሰው ድምፅ በሰጠበት ግዛት ልዩነቱ 537 ድምፅ ብቻ ሆነ። የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድጋሚ ቆጠራውን ሲያስቆም ከሰጠው ምክንያት አንዱ የቆጠራው መለኪያ በየወረዳው ልዩ ልዩ መሆኑ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም የአገሪቱ ምክር ቤት የምርጫ መሣሪያዎች እንዲሻሻሉ ሕግ አወጣ። ብዙ ሀብትና ብዙ ዕውቀት ያለው አገር እንኳ ቁናውን አንድ ሳያደርግ ቢቀር እንዴት እንደሚቸገር እዩ።

የሕንድ አገር ታሪክ ደግሞ በሌላ በኩል ያስተምረናል። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1951 እና በ1952 ሕንድ የመጀመሪያውን ጠቅላላ ምርጫ ስታደርግ ከመራጮቹ የሚበዙት ማንበብ የማይችሉ ነበሩ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕጩ ምልክቱ የተለጠፈበት የራሱ ሣጥን ተደረገለት። በዚያን ጊዜ አያሌ ሴቶች ሲመዘገቡ በልማዳቸው መሠረት የራሳቸውን ስም ከመናገር ይልቅ «የእገሌ ሚስት» ወይም «የእገሌ እናት» አሉ። የምርጫው ኃላፊ ሱኩማር ሴን ግን መራጭ ሁሉ በራሱ ስም መጻፍ አለበት ብለው ስለ ጸኑ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሴቶች ለዚያ ጊዜ ከመዝገብ ወጡ። ውሳኔው ከባድ ነበር፤ በዚያ ምርጫ ድምፃቸውን ያጡ ሴቶች በእውነት ተጐድተዋል። ነገር ግን ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ምልክት በመጨመር ሥርዓቱን ለማይማሩት ማቅለል ይቻላል። ሁለተኛ፣ አንድ ሥርዓት ከመታወጁ በፊት ለሕዝቡ በቂ ትምህርትና በቂ ጊዜ ካልተሰጠው፣ እኩልነት የተባለው ሕግ ራሱ ደካማውን ሊያስቀር ይችላል።

እንግዲህ አንድ መሆን የሚገባው ምንድን ነው? ሊለያይ የሚችለውስ ምንድን ነው? ይህን ለይቶ ማወቅ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው።

በእኔ አስተያየት አንድ መሆን የሚገባቸው ስድስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ መዝገቡ፤ ማን መራጭ እንደ ሆነ ከምርጫው ቀን በፊት በጽሑፍ ይታወቅ፤ አንድ ሰውም አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ፤ የአንዱ ስፍራ ውጤት ታውቆ ሌላው ስፍራ ድምፅ አይስጥ። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ፤ የዕጩዎቹ ስም በሁሉም ዘንድ በአንድ ተራና በአንድ መልክ ይጻፍ። አራተኛ፣ ምሥጢሩ፤ መራጩ ለብቻው በሚሆንበት ስፍራ ይምረጥ። አምስተኛ፣ ቆጠራው፤ ድምፁ በተሰጠበት ስፍራ የዕጩዎቹ ወኪሎች እያዩ ይቈጠር፤ ምን ዓይነት ወረቀት እንደሚጸናና እንደሚወድቅ አስቀድሞ ይወሰን፤ ውጤቱም በበሩ ላይ ይለጠፍ። ስድስተኛ፣ አቤቱታው፤ ተበደልሁ የሚል ሰው ለማን፣ እስከ መቼ እንደሚያመለክት ይወቅ።

ሊለያዩ የሚችሉት ግን ብዙ ናቸው። ቋንቋው ሊለያይ ይችላል፤ የጋሞው ሰው በጋሞኛ፣ የኮንሶው ሰው በኮንሶኛ ቢነገረው ቁናው አይጐድልም። ምልክቱ ሊለያይ ይችላል፤ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ከምልክቶቹ አንዱ ሻፌታ የተባለው የሲዳማ የምግብ ዕቃ ነበር፤ ይህም ለሕዝቡ የሚታወቅ ስለ ሆነ ተመረጠ እንጂ ድምፁን አላዛባም። የጣቢያው ስፍራም ሊለያይ ይችላል፤ በደጋ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በቆላ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በከብት አርቢው ዘንድ ውኃ በሚገኝበት አቅራቢያ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ለሁሉ አንድ ዓይነት ርቀትና አንድ ዓይነት ሰልፍ እንዲሆን ከተፈለገ ስፍራው እንደ አገሩ ጠባይ መለያየት ይኖርበታል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ በአንድ ጣቢያ ከ1,500 የማይበልጡ መራጮች እንዲመዘገቡ የተወሰነው ስለዚህ ነው።

ዱቡሻውም ስፍራ አለው። ከምርጫው በፊት ዕጩዎቹ በሕዝብ ፊት ቀርበው ይጠየቁ፤ ሁሉም ሳይፈራ ይናገር፤ ነገሩ ይመከርበት። ከምርጫውም በኋላ ተሸናፊና አሸናፊ በዱቡሻ ይታረቁ። በመካከል ባለችው በዚያች አጭር ጊዜ ግን እያንዳንዱ ሰው ከኅሊናው ጋር ብቻውን ይሁን። ምክሩ በአደባባይ፣ ምርጫው በምሥጢር፣ ቆጠራው ደግሞ እንደ ገና በአደባባይ ሊሆን ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፤ ብዙዎቻችሁ 18 ዓመት አልሞላችሁም። ለአገር ምርጫ ገና ናችሁ። ነገር ግን ምርጫን የምትማሩት በዐሥራ ስምንተኛ ዓመታችሁ በአንድ ቀን አይደለም፤ በዚህ ቅጥር ግቢ ነው። እዚህ በጭብጨባ መምረጥ የለመደ ልጅ ነገ ድምፁን በጩኸት ይለካል። እዚህ ጓደኛውን በዓይኑ ያስፈራራ ልጅ ነገ ጐረቤቱን ያስፈራራል። እዚህ ሽንፈቱን በሰላም የተቀበለ ልጅ ደግሞ ነገ አገሩን ከብጥብጥ ያድናል። ነገር ግን ሽንፈቱን እንዲቀበል የምንጠይቀው ልጅ በእውነት መሸነፉን ማወቅ አለበት። ያን ዕውቀት ሳንሰጠው ትዕግሥት ብንጠይቀው በደል ነው።

ስለዚህ ከርእሰ መምህሩና ከመምህራን ጋር ተመካክረን የዘንድሮውን የተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ በአንድ ሥርዓት ለማድረግ ወስነናል። ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ የጧቱም የከሰዓቱም ፈረቃ፣ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ጧት ይመርጣል። መዝገቡ ከሳምንት በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ በአማርኛና በጋሞኛ ይጻፋል። በየክፍሉ በጥቁር ሰሌዳው ጀርባ መጋረጃ ይጋረዳል። ሣጥኑን የሚጠብቁ ተማሪዎች በሌላ ክፍል እንጂ በራሳቸው ክፍል አይመደቡም። ቆጠራው በየክፍሉ በሁሉ ፊት ጮክ ተብሎ ይቈጠራል። አቤቱታ የሚሰሙትም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንድ መምህር፣ አንድ ወላጅና አንድ ተማሪ። እኔ ግን ከሦስቱ አንዱ አልሆንም፤ ባለፈው ዓመት ያጠፋ ሰው የዘንድሮውን አቤቱታ ሊሰማ አይገባውም።

ወላጆች ሆይ፤ እናንተንም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጃችሁ ወደ ቤት ስትመለስ «ማን አሸነፈ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «እንዴት መረጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቋት። ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ የምትችል ልጅ የመጀመሪያውን መልስ በሰላም ትቀበለዋለች።

ባለፈው ዓመት ጥያቄ የጠየቀችኝ ያቺ ተማሪ ዛሬ በመካከላችን ተቀምጣለች። ስሟን አልጠራም፤ እርሷ ራሷን ታውቃለች። በእናንተ ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ተሸንፈሽ እንደ ሆነ ልነግርሽ አልቻልሁም፤ አሁንም አልችልም። ዘንድሮ ግን ለሚሸነፉትም ለሚያሸንፉትም ሁሉ ልነግራቸው እንድችል የሚያደርግ ቁና አዘጋጅተናል፤ ይህም ሊሆን የቻለው አንቺ በመጠየቅሽ ነው። ዘንድሮም እንደ ገና ለመወዳደር ስምሽን ማስመዝገብሽን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። ለአንቺም ለተወዳዳሪዎችሽም ሁሉ እኩል መልካም ዕድል እመኛለሁ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።